የአያ ዘይኑዲን እግርና በግማሽ የተነበበው ወሬ

ይህን ታሪክ የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም። ቆቦ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስሜ ደጀን ነው፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ግን «መምህር» ይለኛል። ለሰው ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሳልጠየቅም አስረዳለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን በሽታ ነው ትለዋለች። ባለፈው ጥቅምት ከሆነው ነገር በኋላ እኔም የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ወልድያ ለመሄድ ቆቦ መናኸሪያ ስገባ፣ ከጥላው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አያ ዘይኑዲንን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አያ ዘይኑዲን ከጎብዬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ፣ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ኸይረዲን ወዳጄ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ነው የሞተው። አጠገባቸው አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ተደግፏል። በራያ ቆላ ጥቅምት ሲገባ ሰው ሁሉ ከማሽላው መሐል ጣፋጩን አገዳ እየለየ ይመጣል፤ እንግዳም ሲመጣ ከማሳው ቆርጦ መስጠት ወግ ነው። አያ ዘይኑዲን ግን ስኳር በሽታ አለብዎ ከተባሉ ስምንት ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው።

«እንደምን አደሩ አያ ዘይኑዲን! ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ሰብሉ ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ መምህር። አንተስ ደህና ነህ? ልጆቹስ? ና እስቲ ተቀመጥ፤ ይችን ያዝ» ብለው አንድ አገዳ ዘረጉልኝ።

ተቀበልኳቸውና ተቀመጥኩ። ቀረብ ብዬ ሳያቸው ደነገጥኩ። ያ ሰፊ ትከሻ የት እንደገባ እንጃ፤ የለበሱት ኮት የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እግራቸው ሥር ትልቅ የውሃ ጠርሙስ አለ፤ ሰላምታችን ሳያልቅ ሁለት ጊዜ አንስተው ጠጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሐኪም ጣፋጭ ከልክሎዎት አልነበረም ወይ?» አልኳቸው።

«ከልክሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቅሽ?»

«ይሄማ ለመድኃኒት ነው። ጧት ሦስት፣ ማታ ሦስት አገዳ እመጥጣለሁ። ኪኒኑን ትቼዋለሁ፤ ሁለት ወር አለፈው።»

«ማን ነው ይህን የመከረዎት? የትኛው ደንቆሮ ነው?»

አያ ዘይኑዲን የሚመጥጡትን አገዳ ከአፋቸው አወጡና አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ያዘኑልኝ መሰሉ።

«ኧረ ተው መምህር፣ ራስህን አትስደብ» አሉኝ።

ነገሩ ወዲያው ነው የመጣልኝ። ነሐሴ ላይ፣ በኸይረዲን ሰደቃ፣ ዳሱ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ስለበሽታው ይወራ ነበር። ኸይረዲንን የገደለው ሐኪሞች ሞተር ኒውሮን የሚሉት በሽታ ነው። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ ሥጋ ይመነምናል፤ እጅ፣ እግር፣ ምላስ፣ በመጨረሻም መተንፈሻ ይደክማል። ያ ግመል ጠልፎ የሚጥል ሰው በሁለት ዓመት ከምናምን ውስጥ እንደዚያ ሆኖ ሲሞት አገሩ ሁሉ ፈርቶ ነበር። እኔም ሰው ላጽናና ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የተማረ መሆኔ እንዲታይ ብዬ፣ ስልኬን አወጣሁና አንድ ዜና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ» ይላል። ሰዉ «አጂብ ነው!» አለ። እኔም ኮራ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰቡት፣ ማን ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሄደ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«እኔ እኮ ኪኒን ይተዉ አላልኩም» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም ደካማ ሆነብኝ።

«አላልክም። እኔ ነኝ ያሰብኩት። ስኳር ያለበትን ያ በሽታ ከፈራው፣ እኔ በየቀኑ ኪኒን እየዋጥኩ ስኳሬን የማባርረው ጠባቂዬን ማባረሬ አይደለም? ወንድሜን የበላ በሽታ ነው፣ መምህር። እኔ ደግሞ እግሬን ጀምሮኛል።»

«እግርዎ ምን ሆነ?»

«ይነዝረኛል። ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ መኖሩንም አላውቀው፤ ጫማዬ ወልቆ በባዶ እግሬ ስሄድ ሰው ነው የሚነግረኝ። ሰሞኑን ደግሞ እግሬ አብጦ መሰለኝ፣ የቀኙ ጫማ አልወልቅ ብሎኝ ከነጫማዬ ነው የምታጠበው። እና ዛሬ ዋጃ መሄዴ ነው። እዚያ በጋለ ብረት የሚተኩስ አዋቂ አለ፤ ሁለቱንም እግሬን ሊተኩስልኝ ቀጥሮኛል። ስኳሩ ከላይ ይከልክል፣ እሳቱ ከታች ያስቁም ብዬ ነው።»

አንባቢዬ ሐኪም ካልሆነ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳው። ስኳሩ እንደልቡ የወጣበት ሰው እግር ቁስል አይድንለትም። እንደዚያ ያለ እግር በጋለ ብረት ሲተኮስ ሰውየው ሕመሙን እንኳ በደንብ አይሰማውም፤ ቁስሉ ግን ይበሰብሳል። ቀጥሎ እግር ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ ሰውየው ይሞታል። አያ ዘይኑዲን በዚያ ቀን ሊሳፈሩ የተነሡት ወደዚያ ነበር፤ መንገዱን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

«ዋጃ! ዋጃ! አላማጣ!» እያለ የሚኒባሱ ረዳት መጣ። አያ ዘይኑዲን ጥንቅሻቸውን አቅፈው ተነሡ። በትራቸውን ያዝኩባቸው።

«አይሄዱም!»

«ልቀቅ፣ መምህር። ሰው ያያል።»

«ይይ። መጀመሪያ ሰልዋ ትይዎት። ክሊኒኩ ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።»

«ሰልዋ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ትናንት ያዘልናት ልጅ። እሷ ምን ትለኛለች? መርፌ ነው የምትለኝ።»

«እንዋዋል። እሷ ካላሳመነችዎት እኔ ራሴ ይዤዎት ዋጃ እሄዳለሁ። እሳቱም ፊት አብሬዎት እቀመጣለሁ።»

ረዳቱ «ፋዘር፣ ይገባሉ ወይስ አይገቡም?» ብሎ ጮኸ። አያ ዘይኑዲን መኪናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በመጨረሻ «የመምህር ቃል ነው እንግዲህ» ብለው ተከተሉኝ። ሲራመዱ ቀኝ እግራቸውን መሬት ላይ ጣል ያደርጉት ነበር።

ሰልዋ የኸይረዲን የበኩር ልጅ ናት፤ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ሆና ትሠራለች። አስተምሬያታለሁ። አባቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት። አጎቷን ስታይ ተነሥታ ትከሻቸውን ሳመች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ ከጥንቅሹ ወደ ውሃው ጠርሙስ፣ ከዚያም ወደ ኮታቸው ሄደ። ምንም ሳትጠይቅ ጣታቸውን ወጋችና ለካች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበር፤ ይህ ከደህና ሰው አራት እጥፍ ነው።

«አጎቴ፣ ኪኒንዎን መቼ ተዉት?»

እሳቸው ወደኔ አዩ። ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም፤ የሰደቃውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስትሰማኝ ፊቷ አልተለወጠም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ጽሑፉን እስከ የት ድረስ አነበቡት?»

«እስከ… ሁለተኛው አንቀጽ። ካርዴ አለቀ።»

አልሳቀችም። ወንበር ስባ ከአጎቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

አያ ዘይኑዲን ቀደሟት። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔም ያየሁትን የማውቅ ሰው ነኝ። በኛ አካባቢ ስኳር ያለበት አሥር ሰው እቆጥርልሻለሁ። ከአሥሩ አንድም ሰው የአባትሽ በሽታ አልያዘውም። አባትሽ ስኳር ነበረበት?»

«አልነበረበትም።»

«ይኸው! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

«እሺ። ስኳር የሌለበት ሰው ጎብዬና ዙሪያዋ ስንት ሺህ አለ?»

«ማን ቆጥሮት?»

«ከእነዚያ ሁሉ የአባቴ በሽታ የያዘው ስንት ነው?»

አያ ዘይኑዲን አሰቡ። «ከኸይረዲን በቀር አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ስለዚህ ስኳር የሌለባቸውም ሺህዎቹ አልያዛቸውም። ታዲያ እነሱን ማን ጠበቃቸው? በሽታው ድሮም ጥቂት ሰው የሚይዝ ነው፣ አጎቴ። ከመቶ ሺህ ሰው በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ነው የሚታመመው። አሥር ሰው ቆጥረው አላገኘሁም ቢሉ፣ ቀይ ጥጃ ያላቸውን አሥር ሰዎች ቢቆጥሩም ያው ነው የሚያገኙት።»

እኔ በልቤ «እንዴት ያለ መልስ ነው!» አልኩ፤ ቀጥዬም አፈርኩ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ነገር ነው።

«ታዲያ መምህር ያነበበው ውሸት ነው?» አሉ አያ ዘይኑዲን።

«ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ነው። አባቴ ከታመመ ጀምሮ ስለዚህ በሽታ ያላነበብኩት የለም። በሩቅ አገሮች የብዙ ሺህ ሰው የሕክምና መዝገብ አገላብጠው ቆጠሩ። በጉልምስና የሚመጣው የስኳር በሽታ ባለባቸው፣ እንደርስዎ ባሉት ማለት ነው፣ ሞተር ኒውሮን ትንሽ አነስ ብሎ አገኙት። በሌላ አገር ደግሞ ሲቆጠር አላነሰም፤ እንዲያውም በርከት ያለበት ቦታ አለ። ለምን እንደሆነ አጣርቶ የጨረሰ የለም። ሐኪሞቹ ገና ይከራከራሉ።»

«አነሰ ካሉ አነሰ ነው። ትንሽም ቢሆን እኔ አልንቀውም።»

«ከማን ጋር እንዳነጻጸሩ ይስሙኝ። ከተቆጠሩት ብዙዎቹ ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው መድኃኒት ስለሚወስዱ ነው። ኪኒኑን ጥሎ ጥንቅሽ የሚመጥጥ ሰው አልቆጠሩም። ስኳር ሲበዛ ጥበቃው ይበዛል ያለ አንድም ሰው የለም፤ ይህን የጨመሩት እርስዎ ነዎት።»

አያ ዘይኑዲን በትራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «አላህ አንዱን በሽታ በሌላው ቢከለክል ምን ነውር አለው? ይህንን ማመን ኃጢአት ሆነ?»

«ኃጢአት አይደለም። ግን አላህ መድኃኒትም ሰጥቶዎታል። አባቴ የሚያድን መድኃኒት አልነበረውም። ወልድያ፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ፤ ሁሉም ‹አይዟችሁ› ነው ያሉን። እርስዎ መድኃኒትዎ እጅዎ ላይ ነበር፤ ጣሉት።» እጇን ወደ ፊታቸው ዘረጋች። «የሚፈሩት እርስዎ ብቻ ይመስልዎታል? እኔም ጧት ስነሣ መጀመሪያ የማየው እጄን ነው። ተንቀጠቀጠ ወይ፣ ቀጠነ ወይ እያልኩ። አብዛኛው በዘር አይመጣም ብዬ አንብቤያለሁ፤ ለታማሚ ቤተሰብም እነግራለሁ። ግን አያለሁ።»

አያ ዘይኑዲን አንገታቸውን ደፉ። «አፉ በይኝ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን እግሬስ? እግሬ እኮ እንደ አባትሽ እጅ እየከዳኝ ነው። እሱን ምን ትይዋለሽ?»

«እሱን አሁን እናየዋለን። ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን ስነካዎት ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ጨፈኑ። ያደረጉት የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነበር። የግራውን አወለቀችና ጣቶቻቸውን በጥጥ ነካች፤ ዝም አሉ። ተረከዛቸውን ነካች፤ ዝም አሉ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ስትደርስ «አዎ» አሉ። ወደ ቀኙ ዞረችና ጫማውን ስትስበው እምቢ አላት። እንደገና ሳበችው፤ እግሩ ከጫማው ጋር ተያይዞ መጣ። ጎንበስ ብላ ከሥር አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝና በዓይኗ ጠራችኝ።

የግራር እሾህ የጫማውን ሶል በስቶ ውስጥ እግራቸው ውስጥ ገብቷል። ጫማውን ከእግራቸው ጋር ቸንክሮታል። በእሾሁ ዙሪያ የደረቀ ደም ነበር፤ ሽታውም ወደላይ መጣ። ስንት ቀን እንደሄዱበት እግዜር ይወቀው። ሰልዋ ጓንት አጠለቀችና በመቆንጠጫ ይዛ ቀስ አድርጋ ሳበችው። የጣት ርዝመት ያለው እሾህ ወጣ። ከኋላው መግል ተከተለ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

«ምነው፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሉ አያ ዘይኑዲን፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«ዓይንዎን ይግለጡ፣ አጎቴ።»

እሾሁን አሳየቻቸው። ከእሾሁ ወደ እግራቸው፣ ከእግራቸው ወደ እሾሁ አዩ።

«የአባቴ በሽታ እንዲህ አያደርግም» አለች። «አባቴ ዝንብ ግንባሩ ላይ ስታርፍ ያውቅ ነበር። እጁን አንስቶ ማባረር ነው ያቃተው፤ እኔ ነበርኩ የማባርርለት። ስሜቱ እስከ መጨረሻው ቀን አብሮት ነበር። የእርስዎ የተገላቢጦሽ ነው። እግርዎ ይሄዳል፤ የማይሰማው ግን ስሜቱ ስለሞተ ነው። ስሜቱን የገደለው ደግሞ ያ ጠባቂዬ ነው ያሉት ስኳር ነው። ዛሬ ዋጃ ሄደው ይህ እግር በብረት ቢተኮስ እሳቱን እንኳ በደንብ አያውቁትም ነበር። እግርዎን ቆርጠን ነበር የምናድንዎት፤ ከዳኑ።»

አያ ዘይኑዲን ጥንቅሹን በበትራቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። አገዳው ወለሉ ላይ ተበተነ። «ወላሂ፣ በገዛ እጄ ራሴን ልገድል ነበር» አሉ። «ኪኒኑን አምጪልኝ። መርፌም ካልሽ ውጊኝ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ‹እንደርስዎ ያለው ስኳር› ስትይ፣ ሌላም ዓይነት አለ ማለት ነው?»

«አለ። በልጅነት የሚጀምር፣ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ፈጽሞ የማይኖሩበት ዓይነት አለ። እነሱን ለብቻ ሲቆጥሯቸው ሞተር ኒውሮን ቀነሰ አልተባለም፤ አንዳንዱ ጥናት እንዲያውም ከፍ ብሎ ነው ያገኘው። ቲቸር ያነበቡት ዜና ለእነሱ አንድም…»

አልጨረሰችም። የአያ ዘይኑዲን ፊት አመድ መስሎ ነበር።

«አስካለ» አሉ።

«የትኛዋ አስካለ?»

«ጎረቤቴ፣ የአላምረው ሚስት። ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ ትወጋለች። እኔ ነኝ የነገርኳት። ‹መርፌውን ተይው፤ ስኳሩ ከባሰ ነገር ይጠብቅሻል፤ ከተማረው ሰው፣ ከመምህር ደጀን የሰማሁት ነው› አልኳት። እኔ ኪኒኑን ትቼ ምንም ሳልሆን ስታየኝ አመነችኝ።»

«መቼ ተወችው?»

«ማክሰኞ። ትናንት ወባ ይዟት ታስመልሳለች ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሰልዋ ከወንበሯ ስትነሣ ወንበሩ ወደቀ። «ወባ አይደለም» አለች። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ኢንሱሊን፣ ፈሳሽ፣ መርፌ ቦርሳ ውስጥ ትወረውር ጀመር። አላምረው ጋ ደወልኩ፤ አያነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሣም። እሷ የአያ ዘይኑዲንን እግር በሁለት ደቂቃ አጥባ ጠቀለለችና «እርስዎ እዚህ ይተኙ» አለቻቸው። እሳቸው ግን ከኛ ቀድመው በሩ ላይ ነበሩ። «የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ሳላያት እዚህ አልተኛም» አሉ።

ከመናኸሪያው ሚኒባስ ተኮናትረን ወደ አያ ዘይኑዲን ቀበሌ ወጣን። ሾፌሩ ነገሩን ሲሰማ የቻለውን ያህል ነዳው። ሰልዋ በየደቂቃው ሰዓቷን ታያለች። በሁለቱ ጎኖች የደረሰ ማሽላ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ምርቱ አወራ ነበር። ያን ቀን በልቤ የማወራው ከአንድ ነገር ጋር ብቻ ነው፤ «ከተማረው ሰው፣ ከመምህር ደጀን የሰማሁት ነው» ከሚለው ጋር። አያ ዘይኑዲን ዱዓ ያደርጉ ነበር፤ እኔም በበኩሌ ማርያምን ተማጸንኩ።

አስካለን መደብ ላይ ተኝታ አገኘናት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ሽንኩርት ማሳ ላይ ስትሠራ ብዙ ጊዜ ያየኋት ብርቱ ሴት ናት። ከሩቅ የሮጠ ሰው ይመስል በኃይልና በጥልቀት ትተነፍሳለች፤ ዓይኗ ተገልጦ ማንንም አያይም። ቤቱ የተበላሸ ፍራፍሬ ይሸታል። ባሏ አላምረው ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ የወባ ኪኒን ሊያስውጣት ይታገል ነበር። ሰልዋ ስትለካት መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት «ከልክ በላይ» አለ።

«ኢንሱሊኗ የት አለ?»

አላምረው ወደ ጥግ ጠቆመ። ፍሪጅ ስለሌላቸው እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ከማክሰኞ ጀምሮ ያልተነካው ብልቃጥ እዚያው ቁጭ ብሏል። ሰልዋ የራሷን ነው የወጋቻት፤ ፈሳሽም ክንዷ ላይ ሰካች። እኔ ፈሳሹን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ አላምረውና ሾፌሩ አስካለን ተሸክመው ወደ መኪናው ገባን። ሆስፒታል እስክንደርስ ሰልዋ ጉንጯን መታ መታ እያደረገች «አስካለ! አስኪ! አትተኚብኝ!» ትል ነበር። ሐኪሙ ሲያያት «ሁለት ሰዓት ብትዘገዩ አናገኛትም ነበር» አለ።

ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አፋፍ ላይ ነበረች። የአያ ዘይኑዲንንም እግር እዚያው ከፍተው አጸዱት፤ የበሰበሰውን ሥጋ ቆርጠው ጣሉ፤ እግሩ ግን ተረፈ። ሰኞ ጧት አስካለ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። አላምረው ከክፍሉ እየሮጠ ወጣና ኮሪደሩ ላይ አግኝቶ አቀፈኝ። ትከሻዬን እየሳመ ያለቅስ ጀመር።

«መምህር፣ እርስዎ ባይደርሱልን! እግዜር ይስጥልኝ! ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?»

አያ ዘይኑዲን አልጋቸው ላይ ሆነው በተከፈተው በር ያዩኝ ነበር። ዝም ብዬ ባልፍ ማንም አያውቅብኝም፤ ይህን ማሰቤንም አልደብቅም። ከዚያ አላምረውን ከትከሻዬ ላይ አነሣሁትና «አታመስግነኝ። ሚስትህን እዚህ ያደረሳት የኔ አፍ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ እጁ ከእጄ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ያን ነገር የተናገሩት ሰው በተሰበሰበበት ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያውስ ሰው በተሰበሰበበት ይመልሱት።» ይህን ብሎ ወደ ሚስቱ ገባ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ያ ሰደቃ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በጎብዬ ዕድር ተሰብስቦ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። እኔ ቆሜ ተናገርኩ። የተነበበው ግማሽ መሆኑን፣ ቀሪውን ሳላነብ ማውራቴን፣ ሁለት ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለና አንዱ ያለ መርፌ አንድ ሳምንት እንደማያኖር ተናገርኩ። ጥናት ስለ ብዙ ሰው ቆጥሮ የሚናገር እንጂ ለአንድ ሰው መድኃኒት የሚያዝ እንዳልሆነም አስረዳሁ።

ከዚያ አያ ዘይኑዲን በምርኩዝ ተነሡ። የተጠቀለለውን እግራቸውን ለሰው አሳዩ።

«እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ወንድሜን የገደለውን ስሸሽ፣ ሊገድለኝ የነበረውን አቅፌ ተቀመጥኩ። ያም አልበቃኝ፤ የሰው ሚስት ጨመርኩ። አሁን ኪኒኔን ጧትና ማታ እውጣለሁ። ከተኛሁ በኋላ ሌሊት አምስቴ ለሽንት አልነሣም፤ ጉልበቴ ተመልሷል፤ ዓይኔም ጠርቷል። ማታ ማታ ቤት ያለችው ልጄ በመብራት እግሬን ታየዋለች፤ እግሬ የማይሰማውን እሷ ታያለች። ጫማዬን ሳላራግፍ አላጠልቅም። ጥንቅሹን ለጤነኛ ትቼለታለሁ። የኸይረዲን በሽታ ይምጣ አይምጣ አላህ ያውቃል፤ የኔ ድርሻ ግን የሚታከመውን መታከም ነው። እጅ ወይም ምላስ የደከመበት ሰው ካለም ራሱን በወሬ አያክም፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።»

ከሴቶቹ መሐል አስካለ ተቀምጣ ነበር፤ ከስታለች፣ ግን ተቀምጣለች። አላምረው አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

ሰልዋ ተነሣችና ሰዉን ተመለከተች። «ከሰደቃው ወዲህ መድኃኒቱን የተወ ወይም የቀነሰ ሌላ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። «አልቆጣም። ነገ ጧት ክሊኒክ ይምጣ እንጂ ማንንም አልወቅስም።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔም በልቤ «ተመስገን፣ ሌላ የለም» አልኩ።

ከኋላ በኩል አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ሰልዋ አምስት ቆጠረች። ከአምስቱ ሦስቱን አስተምሬያቸዋለሁ።